ከፊሽካው በኋላ የሚባለው ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጉልበቴ እንደ ልማዱ አመፀብኝና፣ ከሠፈራችን በላይ ካለው የልጆች ሜዳ አጠገብ ድንጋይ ላይ አረፍ አልኩ። ለቆሎ የሚሆን ገብስ ይዣለሁ፤ የዘንድሮ ገብስ ፍሬው ሙሉ ነው። ሜዳው ላይ ልጆች ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። የምታጫውታቸው ዳኛ ራሷ ልጅ ናት፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት አትበልጥም። ፀጉሯን በጨርቅ ጠፍንጋ አስራለች፤ ፊሽካዋን በጥርሷ ይዛ ከኳሷ እኩል ትሮጣለች። ወዲያው አንዱ ልጅ ኳሷን እንደታቀፈ ሳያነጥር እግሩን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። ነፋችበት። ሁለት እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ አሽከርክራ «ዴምሳ! አምስት ቁጥር!» አለች።

ዴምሳ በኦሮምኛ መሄድ ማለት ነው። በቅርጫት ኳስ ኳስ ታቅፎ መሄድ ጥፋት ነው፤ ሌላው አገር ጥፋቱን በእንግሊዝኛ ስሙ ይጠራዋል። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ ዘንቢሌ ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ገብሱ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ያ ቃል በዚህች ከተማ ሜዳ ላይ ከፊሽካ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ ቢመስልስ ምን አባቱ፣ አርባ ዓመት ሒሳብ ላስተማረች ሴት ትንሽ ጉራ ይፈቀዳል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባዎቹ እንደገቡ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የስፖርት አስተማሪያችን ጋሽ ሰይፉ ይባላሉ። ረጅም፣ አንገታቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ያችኑ ሰማያዊ ቱታ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ያኔ በየቀበሌው የልጆች ቡድን ተቋቁሞ፣ የሚያጫውት ሰው ጠፍቶ ነበር። አዋቂው ሁሉ ወይ የአንዱ አጎት ነው ወይ የሌላው የክርስትና አባት። ጋሽ ሰይፉ ስድስት ተማሪዎች መረጡ፤ «ልጅ ዳኛ ገና ዘመድ አላፈራም» ብለው። ከስድስቱ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ስትሰማ «ፊሽካ የሚነፋው ትራፊክ ነው፤ አንቺ የትኛውን መኪና ልታስቆሚ ነው?» አለችኝ። ቀልዷ ነው እንጂ፣ ፊሽካዬን የማንጠለጥልበትን ክር ያጠነጠነችልኝ እሷ ናት።

በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳ እንገኛለን። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ አጥንቱም አልነበረንም። የአሰላ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል፤ የፊሽካው ብረት ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ጋሽ ሰይፉ ወደ ጭላሎ ተራራ አዙረው በመሥመር ያቆሙንና «ንፉ» ይሉናል። ተራራው ግማሹ ጭጋግ ውስጥ ነው። «ግማሽ ፊሽካ ግማሽ ፍርድ ነው። ጭላሎ ካልሰማችሁ ተጫዋች አይሰማችሁም።» ከዚያ ከፔርሙዛቸው ሻይ እየቀዱ፣ የገብስ ዳቦ እየቆረሱ ያድሉናል። የዚያን ዳቦ ጣዕም ዛሬም አልረሳሁትም፤ ከሙቀቱ ይሁን ከረሃባችን እንጃ።

ሁለት ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። አንደኛው፣ ዳኛ ፍርዱን አይመልስም። የነፋኸውን ነፍተሃል፤ ተሳስተህም ከሆነ የሚቀጥለውን በትክክል ንፋ። ሁለተኛው ስለ ቋንቋችን ነው። «በአማርኛ ዳኛው ምን ያደርጋል ይባላል? ያጫውታል። የሚያስቆም ፖሊስ ነው፤ ዳኛ ግን ስሙ ራሱ የሚያጫውት ነው። ይህን ከረሳችሁ ፊሽካውን መልሱልኝ።»

አንድ ደብተር ነበራቸው፤ ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ጠርዙ በሸማ ክር የተሰፋ። በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ሠልጥነው ሲመለሱ የጨዋታውን ሕግ በገዛ እጃቸው ወደ አማርኛ የመለሱበት ነው። በእሱ የሚኮሩትን ያህል በልጆቻቸው የሚኮሩ አይመስለኝም። ሕዝቡ የእጅ ምልክት ስለማያውቅ ጥፋቱን በቃል፣ ጮክ ብለን እንድንናገር ያዝዙን ነበር፤ ቃሉም ከደብተሩ ነው። ሁለቴ ማንጠር «ድርብ ንጥር»። መስመር መርገጥ «ወሰን»። ኳስ ታቅፎ መሄድ ደግሞ «እርምጃ»።

አሁን ላሉ ወጣቶች ይህን ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። ጋሽ ሰይፉ ያን ቃል ሲጽፉት እርምጃ የእግር ነበር። በእኛ ጊዜ የእግር መሆኑ ቀርቷል። የሰዎች ስም ከነአባታቸው ይነበብና «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶባቸዋል» ይባላል፤ ተገደሉ ማለት ነው። እገሌስ የት ደረሰ ብሎ ለጠየቀ፣ ጎረቤት ግራ ቀኙን አይቶ «እርምጃ» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ነገሩ ጋብ ካለ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ስድስታችንም በየማለዳው ያን ቃል ስንጮህ ጆሯችን ይሰማ ነበር። ማንም ግን ለጋሽ ሰይፉ ትንፍሽ አላለም። ዝም አይነቅዝም ተብለን ያደግን ነን።

እኔ ደግሞ ከዝምታም አልፌ ነበር። እውነቱን ልናገርና ቃሉን ወድጄው ነበር። ድምፄ ከስድስታችን ይበልጣል፤ በልምምድ ላይ «እርምጃ!» ስል ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ወንዶች ቀጥ ይላሉ። ሌላ ቃል እንደዚያ አያቆማቸውም። በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከቀሚሴ ሥር ቱታ ሱሪ ለብሼ፣ ጎረምሳ ሁሉ በአንድ ቃሌ ሲደነግጥ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንዲያ ነበር።

በኅዳር የአውራጃው የልጆች ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያዋን ጨዋታ፣ የእኛን ከተማ ልጆች ከሳጉሬ ልጆች ጋር፣ እንድመራ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ስንዴ የሚታጨድበት ወቅት ነው። ሳጉሬዎቹ በእህል መኪና ጆንያ ላይ ተጭነው መጡ፤ ፀጉራቸው ውስጥ ገለባ ነበር። ካናቴራቸው ላይ ቁጥሩን የሰፉት በየቤታቸው ነው። ሰባት ቁጥሩ ከሰማያዊ ጨርቅ ተቆርጦ ትንሽ ጠመም ብሎ የተሰፋለት ቀጭን ልጅ ነበር፤ ጀማል ይባላል። አባቱ አብረውት መጥተዋል። ቆሪ በሚሉት የእንጨት ዕቃ ጭኮ ይዘው፣ ከጨዋታው በኋላ ለልጆቹ ሊያበሉ። የገብሱ ዱቄትና የቅቤው ሽታ እስከ ሜዳው መሀል ይመጣ ነበር።

ሕዝቡ ሣር ላይ ተቀምጧል። ወንበር የተሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካኪ የለበሰ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ካድሬ። የዚያን ሰው ስም ዛሬም መጥራት አልወድም።

ጀማል ሲጫወት ማየት ነበር። ኳሷ የእጁ አካል ትመስላለች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ፣ ቡድኖቹ በአንድ ቅርጫት ተበላልጠው፣ ኳሷን ይዞ ከሁለት ልጆች መሀል ሾለከ። በስተመጨረሻ ግን ሳያነጥር ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጭላሎ እንዲሰማ አድርጌ ነፋሁ። ጣቴን ደረቱ ላይ ቀስሬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «እርምጃ! ሰባት ቁጥር!» አልኩ።

ጀማል ኳሷን በሁለት እጁ መሬት ላይ አስቀመጠ። አላየኝም፤ ማንንም አላየም። ዞሮ በተጫዋቾቹ መሀል አልፎ በበሩ ወጣ። ከዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባትየው ቆሪያቸውን ሣሩ ላይ ትተው ልጃቸውን ተከትለው ወጡ። የሳቀው ካድሬው ብቻ ነው። «ጎሽ፣ ዳኛ ማለት ይህች ናት። እርምጃ ትወስዳለች» አለ። ማንም አላጀበውም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

አብሮኝ የሚያጫውተው ልጅ ጠጋ ብሎ «ወንድሙን'ኮ በዚያ ነው የወሰዱት» አለኝ። «በምን?» ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በየት በኩል ልመልሰው።

ጋሽ ሰይፉ ለሁለቱም ቡድን እረፍት አስጠይቀው ወደ እኔ መጡ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ጥፋቴን እያወቅሁ መጀመሪያ የመጣልኝ ክርክር ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት ሄዷል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ።»

«ዳኛ ፍርዱን አይመልስም ብለውናል እኮ።»

«ብያለሁ። አትመልሺም።» ከዚያ ቀስ ብለው «አስካለ፣ ልጁ ከሄደ አንቺ ማንን ነው የምታጫውቺው?» አሉኝ።

በዓይናቸው ጫፍ ወደ ካድሬው ወንበር አመለከቱኝ። እሳቸው ሜዳውን ጥለው ቢወጡ ያ ሰው ለምን ሊል ነው፤ ቃሉ ልጁን ስላስከፋው ነው ቢባል ደግሞ «በእርምጃ የሚከፋው ማነው?» ብሎ ሊጠይቅ ነው። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጀማልን አባትም፣ ጋሽ ሰይፉንም ከደብተራቸው ጋር ይወስድ ነበር። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ ውኃ ልጠጣ ብለሽ ውጪ። አምስት ደቂቃ አለሽ» አሉኝ።

ጀማልና አባቱ ከበሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር በቆመችው የእህል መኪና ጥግ ነበሩ። ልጁ ካናቴራውን አውልቆ እያጠፈ ነው። አባትየው ሲያዩኝ አልተቆጡም። «ነይ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ልጄ አላጠፋም?»

«አጥፍቷል» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አሁንም እዚያ ላይ አልዋሽም።

ከንፈራቸው ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «ካጠፋማ ዳኛ ምን ይቅርታ አለው?»

«ለቃሉ ነው።»

የመኪናውን ጎማ በእጃቸው እየዳበሱ፣ እኔን ሳያዩ ተናገሩ። «ወንድሙን ሱልጣንን የወሰዱት ጊዜ ምን እንዳጠፋ አልነገሩንም። የት እንደተቀበረም አልነገሩንም። ያቺን ቃል ብቻ ነው የነገሩን።»

አለቀስኩ። ማልቀስ አልወድም፤ ግን አለቀስኩ። ያን ቃል ወድጄው እንደነበር ለእሳቸው መናገር አልቻልኩም።

ጀማል ካናቴራውን ጨብጦ ቆሞ ያየኛል። በኋላ «ሦስት መሄዴን አውቃለሁ» አለ። «ሄድክ በዪኝ፣ እቀበላለሁ። ያንን ግን አትበዪኝ።»

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ዴምሳ በያ። ዴሜ እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?» ሄድኩ እንጂ ማለቱ ነው።

አባቱን አየኋቸው፤ እሳቸውም ልጃቸውን አዩት። ካናቴራውን ከእጁ ወስደው ዘርግተው ራሳቸው በአንገቱ አጠለቁለት።

ሜዳው ላይ ስመለስ ጀማል ከኋላዬ ነበር። ኳሷ ያስቀመጣት ቦታ እንዳለች ናት፤ የነካት ሰው የለም። ሮጬ እዚያው ቆምኩና እንደ አዲስ ነፋሁ። ጣቴን አልቀሰርኩም፤ በእጄ መዳፍ ነው ያመለከትኩት። «ዴምሳ! ሰባት ቁጥር! ኳስ ለአሰላ!» አልኩ። ድምፄ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ግን ተሰማ።

ካድሬው ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ምንድነው ያለችው? ቅድም ሌላ ብላ አልነበር?» ሲል ሁሉም ሰማው።

ያኔ ነው ጋሽ ሰይፉን ያየኋቸው። ጎበጥ ያለው አንገታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ወንበሩ ሄዱ። «ጓድ፣ በብሔረሰብ ቋንቋ መናገሯ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ለሕዝቡ ሁሉ አሰምተው። «መሠረተ ትምህርቱ በኦሮምኛ እየተሰጠ ስፖርቱ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል ብለን ነው። ወደ ሰፊው ሕዝብ ይውረድ እንጂ።»

ብሔረሰብና ሰፊው ሕዝብ የካድሬው የራሱ ቃላት ናቸው፤ በየስብሰባው የሚያስጨበጭብባቸው። ምን ይበል? ራሱን ነቀነቀና «መልካም። በርቱ» አለ። አንድ ሰው ከኋላ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ካድሬው ለእሱ ያጨበጨቡ መስሎት እጁን አነሳላቸው። ይህን ሳስታውስ እስከዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ እግሩን ባበዛ ቁጥር ፊሽካዬን ሳልነፋ ሕዝቡ ይቀድመኝ ነበር፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌ ነጋዴው በአንድ አፍ «ዴምሳ» ይላል። ጀማልን አንድ ጊዜ ደግሜ ያዝኩት፤ እጁን ራሱ አነሳ። ማን አሸነፈ ብትሉኝ፣ ረስቼዋለሁ ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ፤ ሳጉሬዎች አሸነፉን። ጭኮውን ግን አብረን በላን። አባትየው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእኔ ሰጡኝ፤ ቅቤው በክንዴ ላይ ወረደ።

መኪናዋ አቧራዋን አስነስታ ከሄደች በኋላ ጋሽ ሰይፉ ሜዳው ዳር ቁጭ ብለው ያን አረንጓዴ ደብተር ጭናቸው ላይ ዘረጉ። የቀን ብርሃን ገና አልሄደም። «እርምጃ» የሚለው ላይ ብዕራቸውን አሳረፉ።

«ስጽፈው ንጹሕ ቃል ነበር» አሉ። «ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እየሰማሁት ነው፣ አስካለ። በየማለዳው ስትጮሁት እሰማለሁ። ልሰርዘው እልና፣ ለምን ሰረዝከው የሚለኝ ይመጣል እላለሁ። ፈርቼ ነው። በእናንተ አፍ አስቀምጬው ፈራሁ።»

መምህር ለተማሪው እንዲህ ሲናገር ያኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔም የራሴን ነገርኳቸው። «እኔ ግን ጋሼ፣ ወድጄው ነበር። ሲደነግጡልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የአንቺ ይብሳል» አሉኝ። አላባበሉኝም። ቃሉን በአንድ መስመር ሰረዙና ከላዩ «ዴምሳ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ዘግተው «ግን ካወቅሽው ይበቃል። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳትቀሪ» አሉ። አልቀረሁም። ለስምንት ዓመት ያህል አጫወትኩ፤ እስከ ጮሌና አቦምሳ ከተሞች ድረስ ወርጄ አጫውቻለሁ፤ ከእኔ በኋላ የመጡትንም እኔው አሠለጠንኩ። ጣት አትቀስሩ የምላቸው ለምን እንደሆነ አንዳቸውም አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ ዕለት ጨዋታው ሲያልቅ ልጅቷ ዳኛ መጥታ የፈሰሰውን ገብስ አብራኝ ለቀመች። ላብ ላብ ትላለች፤ ጉንጮቿ በብርዱ ቀልተዋል።

«ለምንድነው ዴምሳ የምትዪው?» አልኳት፣ እንደማያውቅ ሰው።

«እንጃ እማማ፤ እንዲያ ነው ያስተማሩን። አዳማ ለውድድር ስንሄድ ይስቁብናል።»

«ልትተዪው ነው ታዲያ?»

«ለምን ብዬ? የኛ ነው እኮ» አለች፣ የገብሱን አፈር እፍ እያለች።

እርምጃ የሚለው ቃልም ዛሬ ወደ እግሩ ተመልሷል። ለዚህች ልጅ እርምጃ ማለት እርምጃ ነው፤ ዴምሳም ዴምሳ። በሁለቱ መሀል ሰው እንዳለ አታውቅም። አለማወቋ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ፤ ሱልጣን የሚባል ልጅ ከነስሙ በዚያ ፊሽካ ሥር ተቀምጦ ማንም ሳያውቅ ሲነፋበት። ዘንቢሌን አንስታ ትከሻዬ ላይ ስታደርግልኝ ጥያቄዬ ሳይከነክናት አልቀረም።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቃሉ እንዴ? መጀመሪያ ያለው ማነው?»

እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እንደገና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ከጎኔ ቦታ አሳየኋት።

«ሰባት ቁጥር ነው» አልኳት። «ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ። ወንድም ነበረው።»